ጫማ ያላቸው ፊደሎች

ጥቅምት 4 ቀን 1986

ሙቀት። ቀለሙ ገና ጣሳው ውስጥ እያለ ቆዳ ያበጃል። ቢሆንም የጸጉር ቤቱን ታፔላ ጨረስኩ። ባለቤቱ ሥዕሉን አልወደደውም። "ይሄ ሰውዬ ጸጉሩን ተቆርጦ ነው ወይስ ታሞ?" አለኝ። ፊደሉን ግን ዞር እያለ አየው፣ ተመልሶም አየው። መጀመሪያም የመጣው "ወፍራሙን አድርጊልኝ" ብሎ ነው። ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ሌላ ፊደል ያለ አይመስላቸውም መሰለኝ... ደስ ይለኛል። ለምን እዋሻለሁ።

ኦኬሎ እንደ ልማዳችን ታፔላውን ተሸክሞ ወደ ዋናው መንገድ ሄደ። አናጺ ነው፤ ጣውላውንና ላሜራውን እሱ ያዘጋጃል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ዳሱ የሁለታችን ነው። እሱ እየራቀ ይሄዳል፤ እኔ ደጃፍ ቆሜ ማንበብ ሲያቅተኝ እጄን አነሳለሁ። በወፍራሙ እጄን አንስቼ አላውቅም። ቀድሞ የሚደክመው ኦኬሎ ነው።

"የት ተማርሽው?" ጸጉር ቆራጩም እንደ ሌላው ጠየቀኝ። "ዝም ብሎ መጣ" አልኩት። ሁሌ የምለው ነው። ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር ግን አለ?

ጥቅምት 9

አዲስ ሥራ። መንግሥት አቤቱታ የሚሰማ ጽሕፈት ቤት ከፍቷል። ክልል ከሆንን ወዲህ የተከፈተው ቢሮ ሁሉ ታፔላው የእኔ ነው፤ ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ፊደል። "ክልል 12 አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት"። ረጅም ነው። ረጅም ቃል እወዳለሁ፤ ፊደሎቹ ተሰልፈው ሲቆሙ...

ክሩን ከሰል ቀብቼ መስመር መታሁ። ቋሚውን ወፍራም፣ አግዳሚውን ቀጭን። ከዚያ ጫማውን። ኦኬሎ ነው "ጫማ" ያለው፤ የእግሩ ታች ላይ የማሰፋትን። ጫማውን ወደ አንድ ወገን ብቻ ካወጣሁት "በ" "ቢ" ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ እኩል ማውጣት ነው። ሌላው ጸሐፊ ይሄን ስለሚፈራ እግሩን ባዶ ይተወዋል። እኔ በባዶ እግር የቆመ ፊደል አልወድም።

ኦኬሎ እየላገ "ከገጠር የመጣ ሰው ማንበብ አይችልም፤ መንግሥትን የሚያውቀው ባንቺ ፊደል ነው" አለ። ሰማያዊና ወፍራም ካየ ገብቶ ቁጭ ይላል አለ። ሳቅን።

ጥቅምት 14

ታፔላውን አስወረዱኝ።

ታፔላውን በር ላይ ሰቅለን፣ ኦኬሎ የመጨረሻውን ሚስማር እየመታ፣ አዲሱ ኃላፊ መጡ። አቶ አኳይ ይባላሉ። ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው። ቆመው አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

"ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"አውርጂው።"

"ስህተት አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ?"

"የደርግ ፊደል ነው። እዚህ በር ላይ አይሰቀልም።"

ሌላ ምንም አላሉም፤ ገቡ። ኦኬሎ የመታውን ሚስማር መልሶ ነቀለ። በከተማው መሀል ተሸክመነው ተመለስን፤ ፊቱን ወደ እኛ፣ ጀርባውን ወደ ሰው አድርገን። ማንም ሳይነግረን። ለምን? አፍረን ነዋ። አሁን ስጽፈው ነው ያናደደኝ። ምን ሠርቼ ነው የማፍረው?

ጥቅምት 15

የደርግ ፊደል። ደርግ ብሩሽ ይዞ ያውቃል?

ጥቅምት 20

ከአዲስ አበባ የመጣውን ታፔላ ሰቅለዋል። ሄጄ አየሁት። ነጭ ላይ ግራጫ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ሁሉም እኩል ቀጭን። አትዩኝ ብሎ ዳር ላይ የቆመ የሚመስል ፊደል። ደግ እንሁን ካልን፣ ንጹሕ ነው። ከመንገዱ ማዶ ግን አይነበብም። ሌሎቹም ቢሮዎች ቀስ በቀስ በዚሁ ዓይነት ይቀየራሉ ተብሏል። የእኔ ሁሉ ይወርዳል ማለት ነው።

ኦኬሎ "ቀጭን ጻፊያ! ምን ይጎድልብሻል?" አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው። ሞከርኩ። አንድ ቁራጭ ጣውላ ላይ ሙሉውን አርእስት በቀጭን ጻፍኩት፤ ከአዲስ አበባው አያንስም። እጄ እምቢ አለ አልልም። እጄ ያዘዙትን ይጽፋል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቁራጩን ኦኬሎ ለምድጃ ወሰደው።

ጥቅምት 27

ዛሬ አልሠራሁም። አንድ ነገር ልጻፍ። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን። ለኦኬሎም።

ደርጎቹ ከወሎ ለሰፈራ ያመጡን በሰባ ሰባት ነው። አቦቦ አጠገብ፣ ጫካው መሀል። ሰፈራው መግቢያ ላይ ቀይ ታፔላ ነበር፤ "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን"። ትልልቅ፣ ወፍራም። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ከሰፈራችን ሰው አራተኛ ክፍል የደረስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባዬ "ምን ይላል?" አለኝ፤ ነገርኩት። "ኧረ በአላህ" አለ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ታናሽ ወንድሜን ነጂብን ወባ ወሰደው። የአምስት ዓመት ልጅ። ያቺን ትንኝ በቁጥጥር ሥር ያዋላት አልነበረም።

በአገራችን መቃብር ላይ ድንጋይ ይደረጋል። እዚህ ድንጋይ የለም። ሜዳው ሁሉ አፈር ነው፤ አባዬ ቀኑን ሙሉ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። በዚያ ላይ ሣሩ በአንድ ሳምንት ሰው ያህላል፤ ቦታው ሊጠፋ ነው። ሣጥን ገንጥዬ በከሰል "ነጂብ" ብዬ ተከልኩበት። ዝናብ አጠበው። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠበው። ከዚያ ለመፈክሩ ከመጣው ቀለም ጣሳው ሥር የቀረውን ወስጄ በእንጨት ቀባሁት። ሳስቶ ታየኝ፤ ደረብኩበት። ዝናቡ በመጣ ቁጥር ደረብኩበት፣ ፊደሉም እየወፈረ ሄደ። ጣውላውን ምስጥ ከሥሩ ስለሚበላው ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ፊደሉ ግን የሚወድቅ እንዳይመስል እግሩን አሰፋሁለት። ጭቃ ላይ ለሚቆም ነገር ሰፊ እግር ይሻለዋል።

እንዲህ ነው የመጣው። ቀለሙ የእነሱ ነበር። ፊደሉ የእኔ ነው። አቶ አኳይ ይሄን ያውቁታል? ከየት ያውቁታል፤ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸውስ...

አልለምንም።

ኅዳር 2

አባንግ መጣች። ኒውላንድ መታጠፊያው ላይ ሻይ ቤት ያላት። ታፔላ ትፈልጋለች። አባንግ በአማርኛ ስትናገር ደስ ሲላት አንቺ፣ ሲቸኩላት አንተ ትለኛለች። ዛሬ ቸኩላለች።

"ፍርዶስ፣ አንተ ትልቅ ጻፍልኝ። ያንን ወፍራም። እሱ ከሁሉ ይወፍር።"

"መንግሥት ጠልቶታል እኮ።"

"መንግሥት የኔን ሻይ ይጠጣል? አይጠጣም። ጻፍ።"

ላሜራ አልነበረም። የወረደው ታፔላ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል... ተያየን፣ እኔና ኦኬሎ። ነጩን ፊደል በሰማያዊ ሸፈንኩት። መጠኑም፣ መደቡም ያው።

ኅዳር 5

"አባንግ ሻይ ቤት"። እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም። አጭር ስለሆነ ፊደሎቹን እስከ ጠርዙ አሰፋኋቸው። ባ አንድ እግሯ አጭር ናት፤ ለአጭሩም ጫማ ሰጠኋት። ቤ እግሯ ላይ ያለው ቀለበት ከጫማው ጋር በቦታ ተጣላብኝ፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ቀለበቱን ጫማው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጀበናው ማቶት ላይ እንደሚቀመጥ። ጫማው ከብዶ ቀለበቱን ቻለው።

ኦኬሎ ተሸክሞ ሄደ። ዋናውን መንገድ አልፎ፣ የማዶው ዛፍ ጥላ ሥር ደርሶ፣ እኔ አሁንም አነባለሁ። ከዚያ ማዶ ጮኸ፤ "በቃ በይ እንጂ!"

አልልም።

ኅዳር 8

ጉድ ነው። አባንግ ቤት ሻይ ልጠጣ ብገባ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ግን ማንም ሻይ አላዘዘም። ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ይዘው፣ አንዳንዱም ባዶ እጁን፣ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከጎግ የመጣ ገበሬ አለ፣ ከኢታንግ በኩል የመጡ ሴቶች አሉ። አባንግ ጓዳ በር ላይ ቆማ በዓይኗ ጠራችኝ።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ጠዋት መጡ። ቁጭ አሉ። ያ ሰውዬ በግ ጠፋብኝ ብሎ ነገረኝ።"

"አንቺስ?"

"ሰማሁ። ሻይ ሰጠሁ።"

ኦኬሎ ያለው ትዝ አለኝ። ሰማያዊና ወፍራም። ሰዉ ቢሮውን ፈልጎ መጥቷል፤ ግራጫዋን አልፎ፣ የእኔን አይቶ ገብቷል። ጓዳ ገብቼ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ቢሮው የት እንደሆነ ነገርኳቸው። ጎጉ ሰውዬ ታፔላውን ቀና ብሎ አየና አላመነኝም።

ኅዳር 10

ዛሬም። አባንግ የጎጉን ሰውዬ ከበጉ ሌባ ጋር አስታርቃ ሰደደችው። ሌባው ዘመዷ ኖሯል።

ኅዳር 13

አቶ አኳይ መጡ። እኔ ዘንድ፣ ዳሱ ድረስ። ድምፃቸው ያው ዝቅ ያለ።

"የመንግሥት ታፔላ አስመስለሽ ጽፈሻል።"

"አባንግ ሻይ ቤት ይላል። ሌላ ነገር አይልም።"

"ሰው እየተሳሳተ ነው።"

"ሰው አልተሳሳተም። የሚያውቀውን አይቶ ገባ። የእርስዎን አያውቀውም።"

"ይለምደዋል። ይህንን ፋቂው።"

መፋቂያው አጠገቤ ነበር። አንስቼ ዘረጋሁላቸው። "ይፋቁት" አልኩ። እጄን አልሰበሰብኩትም። አልተቀበሉኝም።

"አንቺን እዚህ ማን አመጣሽ?" አሉኝ። "እነሱ አይደሉም?"

"እነሱ ናቸው። ፈቃዴን ጠይቀው ግን አይደለም።"

ኦኬሎ መላጊያውን አስቀምጦ ቆመ። አቶ አኳይ እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ያለ ግብዣ ጣውላው ክምር ላይ ተቀመጡ። በደርግ ጊዜ ታስረው እንደነበር የነገሩን ያኔ ነው። በአንዲት ክፍል፣ መስኮት ያላት። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ግድግዳ፤ ግድግዳው ላይ መፈክር። ጠዋት ሲነቁ እሱ፣ ማታ እስኪጨልም እሱ። "ቃሉን ረስቼዋለሁ" አሉ። "ፊደሉን ግን አልረሳሁትም። አሁንም ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።"

እኔም ነገርኳቸው። አልለምንም ብዬ አልነበር? አልለመንኩም፤ ነገርኳቸው ብቻ። ነጂብን፣ ጣውላውን፣ ከጣሳው ሥር የወሰድኩትን ቀለም። ኦኬሎ እኩል ከእሳቸው ጋር ሰማ። አንገቱን ደፍቶ ነበር።

አቶ አኳይ ሲነሡ "አዝናለሁ" አሉ። "ይሁን እንጂ ፋቂው።"

"አልፍቅም።"

ኅዳር 14

አልፋቅሁም።

ኅዳር 15

አልፋቅሁም። ኦኬሎ ጠዋት ዳሱን ሳይከፍት አባንግ ቤት ሄዶ ታፔላውን በተጨማሪ ሚስማር አጠበቀው። ማንም አላዘዘውም። ስለ ነጂብ ከሰማ ወዲህ ሚስማር አይቆጥብም።

ኅዳር 17

ኛኩዎል የሚባሉ እናት መጡ። ከባሮ ዳር ካለ መንደር፣ በእግራቸው። የመንደራቸው የውሃ ፓምፕ እጀታ ይጠገናል ተብሎ ተወስዶ ቀርቷል፤ ከክረምት ጀምሮ የሚጠጡት ወንዙን ነው። አባንግ ቤት ገብተው ከታፔላው ሥር ያለውን ወንበር ያዙ። አባንግ "ማዘር፣ ቢሮው እዚያ ነው" አለቻቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ግን ሁሉም ሰማቸው።

"ቢሮ ይሄ ነው። አየሁ። ገባሁ። አሁን ደከመኝ። የቢሮ ሰው ይምጣ።"

አልነሡም። ሌሎቹም አልነሡም። አንድ ሰው ሄዶ ለአቶ አኳይ ነገራቸው።

የማይመጡ መስሎኝ ነበር። መጡ። በሩ ላይ ቆመው ቀና ብለው ወፍራሙን አዩት፤ ወዲያው ዓይናቸውን ከላዩ አነሡ። ሥሩ ማለፍ ነበረባቸው። አየሁ፣ ትንፋሻቸውን ሲይዙ አየሁ። አለፉ። ከኛኩዎል ፊት ተቀምጠው "ይንገሩኝ" አሉ።

እኔ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሸነፍኩ ብዬ። ከዚያ እጃቸውን ሳይ፣ የሻዩን ብርጭቆ ማንሣት አቅቷቸው ጠረጴዛው ላይ ሲያዞሩት... ደስታዬ ቀነሰ። ፊደሌ ይሄን ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን ፋቂው ቢሉኝ አሁንም አልፍቅም። ሁለቱም አንድ ላይ ውስጤ አሉ። ምን ላድርጋቸው?

ኅዳር 19

እጀታው ተገኘ። ግምጃ ቤት ተጥሎ። ኛኩዎል ትከሻቸው ላይ ተሸክመውት በዳሳችን በኩል አለፉ።

ኅዳር 24

አቶ አኳይ ዳሱ መጡ። ኦኬሎ አይቷቸው መጋዙን አቆመ፤ እኔ ብሩሹን አላስቀመጥኩም።

"ታፔላ ልትጽፊልኝ ትችያለሽ?"

"ለቢሮው?"

"ለቢሮው አይደለም። ቢሮው ያው ነው፤ ያንን ፊደል በሩ ላይ አልሰቅልም።"

"አልጠየቅኩዎትም።"

ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ነገሩኝ። በዚያች ክፍል ብቻቸውን አልነበሩም። ዱዋል የሚባል አስተማሪ አብሯቸው ታስሯል። አንድ ጠዋት ጠሩት፤ ወጣ፤ አልተመለሰም። የት እንደቀበሩት የሚያውቅ የለም። እናቱ አሁንም አለች፤ የምትቆምበት ቦታ የላትም። ሰው የሚቀመጥባት አንዲት ዛፍ አለች፣ ወንዙ ዳር፣ ዱዋል ልጆች ያስተምርባት የነበረች። እዚያ ይሁን አሉ።

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ስሙን ብቻ።"

"በየትኛው?" አልኩ። አውቄ አይደለም፤ ከአፌ አመለጠኝ።

"በወፍራሙ። ግድግዳው ላይ ያየሁት የእነሱ ቃል ነው። ከአሁን በኋላ ያንን ፊደል ሳይ የማስታውሰው እሱን ይሁን። እስክለምድ ድረስ እየሄድኩ አየዋለሁ።"

ወደ ኦኬሎ ዞሬ እንጨት ጠየቅኩት።

ኅዳር 27

"ዱዋል"። ሦስት ፊደል። ኦኬሎ ምስጥ የማይደፍረውን እንጨት ከየት እንዳመጣ አልነግርሽም አለኝ። ቀለሙን ደረብኩ፣ አደረቅሁ፣ ደረብኩ። ጫማውን ከሁሉም ጊዜ አብልጬ አሰፋሁት። ያ ዛፍ ያለበት ቦታ ክረምት ውሃ ይገባዋል።

ኅዳር 29

ወሰድነው። እኔና ኦኬሎ፣ በከተማው መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ። ኦኬሎ ጫፉን ሲያነሣ "እንዴት እንያዘው?" አለኝ። የጥቅምቱ ትዝ ብሎታል።

"ፊቱን ወደ ሰው" አልኩት።

ሰዉ እየቆመ አነበበ። ማንበብ የማይችለውም የሚችለውን ጠየቀ። የዱዋል እናት ዛፉ ሥር ቆማ ጠበቀችን። ጫማውን በእጇ ዳሰሰችው፣ አንድ በአንድ። አቶ አኳይ ራቅ ብለው ቆመዋል።

ታኅሣሥ 11

አቦቦ ደርሼ መጣሁ። የነጂብን ጣውላ ምስጥ ጨርሶታል፤ አውቄ ላሜራ ይዤ ነበር የሄድኩት። አባዬ ቆፍሮ ተከለልኝ። አፈሩን በእግሩ እየረገጠ "ይሄ በዕድሜ እኛንም ያልፈናል" አለኝ። ይለፈን።

ታኅሣሥ 14

ግራጫዋ ታፔላ ቢሮው በር ላይ ናት። ሌሎቹንም ሁለት ቢሮዎች ቀይረዋል፤ የእኔ ሁለት ታፔላ ወርዷል። ይወርዳል እንግዲህ። አባንግ ቤት ያለው አልወረደም፤ ሰውም አሁንም እዚያ ይገባል። አቶ አኳይ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ከሥሩ ተቀምጠው አቤቱታ ይሰማሉ። ብርጭቆውን ሲያነሡ ዛሬ አየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ከመቲ የመጣች ሴት ዳሱ ገባች። የቡና መፈልፈያ ልትከፍት ነው፤ ቤርሳቤ ትባላለች።

"ወፍራሙን ነው የምፈልገው" አለች። "የት ተማርሽው?"

"ከወንድሜ።"

"እሱም ታፔላ ይጽፋል?"

"አይጽፍም። ሕፃን ሆኖ ነው የሞተው። መቃብሩ እንዳይጠፋ ስሙን እየደረብኩ ነው የለመድኩት።"

ኦኬሎ መጋዙን አቆመ። ሴትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጠመዘዘችው። ሥራዬን ልትተወው ነው ብዬ አሰብኩ።

"እንግዲያው" አለች፣ "የእኔንም እግሩን ሰፋ አድርጊልኝ።"